የማርቆስ ማኅበር ብዕሩን ሲያሳርፍ

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት ፫ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ መረብን ተሻግሮ በብረት ማቅለጫው ለሚኖረው ለእኅቴ ልጅ ለሙላት፣

ከራስህ ጠጕር እስከ እግርህ ጥፍር የከበበህ የአምላክ ጥበቃ ምን ጊዜም አይላላብህ። እኔ አጎትህ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ከእኔ ተለይቶ የራሱን ኑሮ ጀምሯል። ባለቤቴ እትዬህ የብርጓልም ደኅና ናት። ደኅንነቷን የምናውቀው እኔን ስትቆጣ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ብቻ ሦስት ጊዜ ደኅና ነበረች።

ይህን ደብዳቤ ከአንተ በፊት ለሚከፍተውም ሰው ሰላምታዬ ይድረሰው። ዳዊት ያስደገምሁት አወቀ ዛሬ የሬዚደንቴው፣ ማለት የከተማችን የጣሊያን ሹም፣ አስተርጓሚ ሆኗል። የሚወጣውንም የሚገባውንም ደብዳቤ እያነበበ ማኅተም ይመታበታል። ልጅ ሳለ ማንበብ ጠልቶ ስንት አርጩሜ ጨርሼበታለሁ፤ አሁን የሰውን ሁሉ ደብዳቤ እንዲያነብ ተፈረደበት። አወቀ ሆይ፣ አርጩሜው ይሻልህ ነበር።

ከተማችን በሽቦ ታጥራለች። የታጠረችው ሽፍታ እንዳይገባብን ነው ብለው ነግረውናል፤ እኛም እንዳንወጣ ሳይረዳ አልቀረም። እርሻዬ ከሽቦው ወዲያ፣ እኔ ከሽቦው ወዲህ ነን። ጠዋት ጠዋት ተያይተን እንለያያለን። ወጥቶ ለማረም ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ እስኪወጣ አረሙ ዘር ጥሎ ልጆቹን ድሯል።

ከሁሉ የከፋኝ የማርቆስ ማኅበራችን ነገር ነው። አያትህ ያቆሙት፣ አባትህ ሲጠጣበት የኖረው፣ እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ሙሴ ሆኜ በአለቅነት የመራሁት ማኅበር ወር በገባ በሠላሳ ቀን መሰብሰቡ ቀረ። ጽዋው ከሽቦው ወዲያ ይጁቤ በተረኛው ቤት ነው፤ እኛ እዚህ ነን። ያለ ጽዋ የተቀመጠ ማኅበርተኛ ምን እንደሚመስል ካላየህ እኔን ና ብዬ ላሳይህ በወደድሁ፤ ግን መግቢያ ወረቀት የለህም።

ደግሞ አትዘንጋ፤ ለብረቱ ሥራ ስትቀጠር የሰው ዋስ ጥራ ተብለህ የፈረምሁልህ እኔ ነኝ። ወረቀቱ «ልጁ ሥራውን ቢተው በእርሱ ፈንታ እኔ እያዛለሁ» ይላል። ትልልቁን ጽሕፈት አንብቤ ነው የፈረምሁት፤ ደቃቁን ዓይኔ ስላልቻለው ዘልየዋለሁ። ስለዚህ ሁለት ነገር እለምንሃለሁ። አንደኛ ሥራህን ያዝ። ሁለተኛ መነጽር ላክልኝ።

አጎትህ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል


ከብረት ማቅለጫው፣ ኅዳር ፭ ቀን ፲፱፻፴፩

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ ለመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የእትዬ የብርጓል ቁጣ እንደ በረታ ይኑር፤ ቤታችን የቆመው በእርሱ ነው። እኔ ደኅና ነኝ። ቀኑን በአገራችን አቆጣጠር ጻፍሁልዎ እንጂ እዚህ ዓመቱ አሥራ ሰባት ነው። ገዢዎቻችን ሥልጣን ከያዙ ወዲህ ያለው ብቻ ይቆጠራል። ሃያ ሦስት ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝና ከዓለም በስድስት ዓመት እበልጣለሁ ማለት ነው።

ደብዳቤዎን ድረስ አምጥቶልኛል። ድረስ ከዚህ እስከ እናንተ ድረስ ካሚዮን የሚነዳ ቀና ሰው ነው፤ መልሴንም እርሱ ያደርስልዎታል።

ሥራህን ያዝ ብለውኛልና ሥራዬን ልንገርዎ። ይህ ቤት ድንጋይ አቅልጦ ብረት የሚያፈስስ ትልቅ እቶን ያለበት ነው። እቶኑ የሚነደው በድንጋይ ከሰል ይመስልዎታል፤ የሚነደው በወረቀት ነው። ከሰሉ ከመጋዘን የሚወጣው፣ ሠራተኛው በበር የሚገባው፣ ብረቱ ወደ ቅርጹ የሚፈስሰው ቡኖ የሚሉት ቁራጭ ወረቀት ሲጻፍ ብቻ ነው። ወረቀቱን የምንጽፈው አሥራ ስምንት ሰዎች ነን። ለአንድ ምስማር ሦስት ቡኖ እንጽፋለን፦ አንዱ ለምስማሩ፣ አንዱ ለመዶሻው፣ አንዱ ምስማሩና መዶሻው መገናኘታቸውን የሚመሰክር።

ሥራው አይከፋም። የከፋው ባለፈው ወር የሆነው ነው። የቤቱ ሹም ሲኞር ጋርዞ የሁለት ቀን ከሰል በተሳሳተ መጋዘን አስጫነ። ቡኖውን የጻፈው አካለ ወልድ የሚባል የደብረ ወርቅ ሰው ነበር፤ የጻፈውም ሲኞሩ እንደ ነገረው ነው። ስሕተቱ ሲገለጥ ሲኞሩ «የጻፈው እጅ የማን ነው?» አለ። አካለ ወልድን ሁለት ቀን ከፀሐይ አቆሙት። ዕድሜው የእርስዎን ያህላል።

አሥራ ስምንታችን በአንድ ወረቀት ጻፍን። «እኛ ጸሐፊዎች» ብለን ጀመርን፤ ቡኖ ሲያዘን እርሱም እንዲፈርምበት ለመንን። ሌላ ምንም አልጠየቅንም። ጠራንና፣

«እኛ ማነው?» አለ።

አካለ ወልድ፣ «እኛ እኛ ነን ጌታዬ» አለው።

«እኔ አሥራ ስምንት ሰው ቀጥሬአለሁ። እኛ የሚባል ሰው አልቀጠርሁም። መልስ የምጽፈው ለማን ነው?» ብሎ ወረቀቱን መለሰልን።

ስለዚህ እኛ የሚባል ሰው መሆን ፈለግን። የሠራተኛ ጉባኤ ማቆም ክልክል ነው፤ ጸሎት ግን አልተከለከለም። ማርቆስም ወንጌል የጻፈ የጸሐፊ አለቃ ነው። በእርሱ ስም ማኅበር ልናቆም ነውና የይጁቤውን ሥርዓት ገልብጠው ይላኩልን። አብሮን የሚጽፍ ኢድሪስ የሚባል እስላም ወዳጅ አለን፤ «ማርቆስ ጸሐፊ ከሆነ እኔም ዘመዱ ነኝ፤ ጠላውን ብቻ በውሃ ለውጡልኝ» ብሏል።

መነጽሩን እየፈለግሁ ነው።

ታዛዥ ልጅዎ ሙላት


ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ ፰ ቀን ፲፱፻፴፩

ይድረስ ከዓለም በስድስት ዓመት ለሚበልጠው ለሙላት፣

ዕድሜ ከዓለም ቀድሞ የሰጠህ አምላክ ጥበቡንም ያስከትልልህ። እኛ ደኅና ነን። ሽቦውም ደኅና ነው፤ ሁለተኛ ረድፍ ወልዷል።

ሥርዓቱን ገልብጬ ልኬልሃለሁ። ረጅም ስለ ሆነ እንዳትሰለች ዋና ዋናውን እዚህ ላንሣልህ። በማኅበር ላይ ወንድሙን የተሳደበ የተሰዳቢውን እግር ስሞ ይቀመጣል፤ አያትህ በዚህ ሕግ ምክንያት የይጁቤን እግር ሁሉ ስመው ጨርሰዋል። አባል ቢታመም ይጠየቃል፤ ቢታሰርም ይጠየቃል፤ ለምን ታሰርህ ተብሎ ግን አይጠየቅም። ጽዋ የያዘ ተረኛ ደግሶ አብልቶ ለቀጣዩ ሳያስረክብ ከማኅበር አይወጣም፤ ጽዋውም በሰው እጅ ሳለ ማኅበሩ አይፈርስም። ይህን የመጨረሻውን አያትህ የጨመሩት ድግሱ ሲደርስ «ማኅበሩ ቢቀርስ?» የሚል ስስታም ስለ በዛባቸው ነው።

ወረቀቱ ከሽቦው እንዲወጣ ግን ትንሽ ጉዳይ ገጥሞን ነበር። ተራ ደብዳቤ አወቀ አንብቦ ያሳልፋል፤ ሕግ የተጻፈበት ወረቀት ግን ሬዚደንቴው ዘንድ ይቀርባል። ቀረብሁ።

አወቀ፣ «መሪጌታ፣ ይህ የምን ሕግ ነው ይላሉ» አለኝ።

«የማርቆስ ማኅበር ነው። ከአያቶቻችን የወረስነው።»

«አለቃው ማነው ይላሉ።»

«ከፊታቸው ቆሟል በላቸው።»

«ብረት ማቅለጫው ዘንድ ያሉትስ?»

«ሥርዓታችንን ከወሰዱ ልጆቻችን ናቸው። የእነርሱም ሙሴ እኔው ነኝ። ጻፍ።»

አወቀ ብዕሩን አነሣ። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «የኔታ፣ አለቃ መሆንዎ ባይጻፍስ?» አለኝ።

«ሃያ ዓመት የያዝሁትን ሹመት ዛሬ ልካደው?» አልሁት። ጻፈ። ሬዚደንቴው ደግሞ ማኅተም ሲመታ ፊቱ የሚፈካ ሰው ነው፤ ሦስት ቦታ መታበት። ከማኅተሙ በላይ «በዚህ መሥሪያ ቤት የታወቀ ማኅበር» የሚል በጣሊያንኛም በአማርኛም ተጽፎበታል። እንግዲህ ያ ሲኞር እኛ ማነው ቢልህ ይህን አሳየው። በመንግሥት ማኅተም ከታወቃችሁ እርሱ ባያውቃችሁ ምን ገዶን።

የብርጓል ይህን ስነግራት፣ «ስምህን ባገኘኸው ወረቀት ሁሉ ላይ መዝራት መቼ ትተዋለህ?» አለችኝ። ደኅና ናት ማለት ነው።

መነጽሩ ከምን ደረሰ?

የሁለት ማኅበር አለቃ፣ ወልደ ሩፋኤል


ከብረት ማቅለጫው፣ ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩

ይድረስ ለአጎቴና ለአለቃችን፣

ጤና ይስጥልኝ፤ ለእትዬም እጅ እነሣለሁ። መነጽሩን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። ሻጩ «ሩቅ ያሳያል» ብሎ ምሎልኛል። አንደኛው ጆሮ ማያዣ ተሰብሮ ስለ ነበር የእቶኑ ሰዎች በሽቦ ጠግነውታል፤ ሽቦ አልለመዱም ብዬ አልሰጋም።

አወቀ ሆይ፣ ቀጥሎ ያለውን ቀስ ብለህ አንብብ።

ብዕራችንን አሳርፈናል። ከታኅሣሥ ሠላሳ ከማርቆስ ቀን ጀምሮ ነው። በዚያ ቀን ደብዳቤያችንን እንደ ገና ይዘን ገባን፤ ከላዩ የማኅበሩ ስም፣ ከሥሩ እርስዎ የላኩት ባለ ሦስት ማኅተም ወረቀት። ሲኞር ጋርዞ ማኅተሙን ሲያይ ተነሣ፤ መልሶ ተቀመጠ። ቢያውቀን የበላዩ ይቆጣል፤ አላውቃቸውም ቢል የመንግሥትን ማኅተም መካድ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን አላየሁትም አለ። እጁ ላይ ሳለ።

እኛም ወደ ጠረጴዛችን ተመልሰን ብዕራችንን በቀለም ብልቃጡ አፍ ላይ አጋደምን። ከሥራ አልቀረንም። ጠዋት በአንድ ሰዓት እንገባለን፤ ቀጥ ብለን እንቀመጣለን፤ በአሥራ አንድ እንወጣለን። ብቻ አንጽፍም።

በመጀመሪያው ቀን ሲኞሩ ሳቀ። «ብዕር ብረትን ምን ያደርገዋል?» አለ። በሁለተኛው ቀን ከሰሉ ከመጋዘን አልወጣም። ኃይለኛ የተባለ ተቈጣጣሪ መጥቶ ያለ ቡኖ ክፈት ቢለው የመጋዘኑ ዘበኛ፣ ራሱ ጣሊያን ነው፣ ያለ ወረቀት ከከፈትሁ እኔ እታሰራለሁ አለ። በሦስተኛው ቀን ሲኞሩ ራሱ ቡኖ ሊጽፍ ተቀመጠ። ስድስቱን ግልባጭ የት የት እንደሚልክ አላወቀም። ለኢድሪስ፣ «ይህ ሰማያዊው ወዴት ነው የሚሄደው?» ቢለው ኢድሪስ በትሕትና፣ «ማኅበሩን ይጠይቁ ጌታዬ» አለው። በአምስተኛው ቀን እቶኑ ውስጥ ያለው ብረት ረጋ። አሁን ከመካከሉ አንድ ግንብ የሚያህል የብረት ጉብታ ቆሟል፤ በመዶሻ ሲነኩት እንደ ደወል ይጮኻል።

እንዳይመቱን የእቶኑ ሰዎች ስምና ደመወዝ ያለበትን መዝገብ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን፤ እንዳያባርሩን ሌላ ጸሐፊ የለም። ግን ከግቢው መውጣት ተከልክለናል። በሩ ላይ ሁለት ወታደር ቆሟል፤ አንዱ ወደ ውጭ አንዱ ወደ እኛ ያያል።

አጎቴ፣ ስለ ዋስትናው የጠየቀዎ ሰው አለ? እውነቱን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሙላት


ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት ፳፯ ቀን ፲፱፻፴፩

ይድረስ ለሙላት፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። መልሴ ስለ ዘገየ ይቅር በለኝ። ቤት ለውጫለሁ።

አዲሱ ቤቴ የመንግሥት ነው። ግንቡ ሰፊ፣ በሩ ብረት ነው፤ ማን ያውቃል፣ አንተ ቡኖውን የጻፍህለት ብረት ይሆናል። ቁልፉ እንዳይጠፋብኝ ሌላ ሰው ይዞልኛል። አብሮኝ የሚኖረው እንዳላማው የሚባል የሮብ ገበያ የበቅሎ ነጋዴ ነው። በቅሎው ያለ ወረቀት ሽቦ ሥር ስትግጥ ተገኘች፤ በቅሎዋ አመለጠች፣ እርሱ ቀረ። ጥሩ ሰው ነው፤ በእንቅልፉ ብቻ ዋጋ ይከራከራል።

ከዚህ በታች ያለውን ሬዚደንቴው ጻፍ ብሎኝ የጻፍሁት ነው፦ «ልጄ ሙላት ሆይ፣ ብዕርህን አንሣ። ብዕርህን ያነሣህ ዕለት እኔ እፈታለሁ።» ይኸው ጻፍሁ።

ከዚህ በታች ያለው ደግሞ የራሴ ነው። መነጽሩ እጅግ ግሩም ነው። ሻጩ እንዳለው ሩቅ ያሳያል፤ እስከ ግድግዳው ድረስ ጥርት አድርጌ አያለሁ። በዋስትናው ወረቀት ዘልየው የነበረውን ደቃቅ ጽሕፈትም አወቀን አስመጥቼ አነበብሁት። «ሥራውን ቢተው» ብቻ አይልም፤ «ቢያሳርፍ» ይላል። እነዚህ ሰዎች ሁሉን አስቀድመው ያስባሉ።

ጉልበቴ ሌሊት ይበርደዋል። ብርድ ልብስ ብትልክልኝ ደስ ይለኛል፤ ባትልክም አልቆጣም። የብርጓል በየቀኑ በዚህ ግቢ ሽቦ በኩል ቆሎ ታመጣልኛለች። መጥታ ታየኛለች፣ ትሄዳለች። አልተቆጣችኝም። ዘጠኝ ቀን ሆናት።

ምን አድርግ እንዳልልህ እፈራለሁ። ያዝ ብልህ የምፈራው ለራሴ ነው፤ ተው ብልህ የማፍረው በአያትህ ነው። ጀግና ነኝ ብለህ እንዳታስብ ብዬ ነው የምጽፍልህ። ለአካለ ወልድ ግን ሰላም በልልኝ፤ ሁለት ቀን ከፀሐይ መቆም በእኛ ዕድሜ ምን እንደሆነ አሁን አውቄዋለሁ፤ እኔ ጥላው በዝቶብኝ ነው።

አጎትህ


ከብረት ማቅለጫው፣ መጋቢት ፳፪ ቀን ፲፱፻፴፩

ይድረስ ለአጎቴ ለመሪጌታ፣

እንዴት ሰነበቱ ለማለት አፌ አልተላወሰም። ያደረግሁትን ሁሉ ልናገር፤ ሰምተው የሚሉኝን ይበሉኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዕለት በማኅበሩ ፊት አነበብሁት። «አጎቴ ስለ እኔ ብዕር ታስረዋል፤ ልቀቁኝ» አልኋቸው። ማንም አልተቃወመኝም። አካለ ወልድ ተነሥቶ፣ «በእኔ ፀሐይ የመጣ ነው፤ ሂድ ልጄ፣ ጻፍ» አለኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ብዕሬን ነክሬ ጻፍሁ። አንድ የከሰል ቡኖ፣ ስድስት ግልባጭ። አሥራ ሰባቱ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር፤ የብዕሬ ጭረት በቤቱ ሙሉ ይሰማል። እንዲህ የሚጮኽ ብዕር መሆኑን አላውቅም ነበር። ሲኞር ጋርዞ ትከሻዬን ቸብ አድርጎ «ብራቮ» አለ፤ ወዲያው እርስዎ እንዲፈቱ ወደ ደብረ ማርቆስ ቴሌግራም አስመታልኝ። እውነቱን ልናገር፤ ቃሉን ጠብቋል።

ሦስት ቀን ጻፍሁ። በአራተኛው ቀን መልሱ መጣ። ሲኞሩ ሁለት ጊዜ አንብቦ ጠራኝ።

«አጎትህ በዋስትናው በኩል ነፃ ወጥቷል» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መቼ ይፈታሉ?»

«አይፈታም። አሁን የተያዘው በዋስትናው አይደለም። የማኅበር አለቃ በመሆኑ ነው። ራሱ መስክሮ፣ ታትሞበት፣ ሦስት ማኅተም አለበት ይላል።»

«የትኛው ማኅበር ጌታዬ?» አልሁት።

ቴሌግራሙን ገለበጠው። እኔም፣ «ጌታዬ፣ ማኅበር ከሌለ አለቃ የለም፤ አጎቴን ልቀቁልኝ። አለቃ ከታሰረ ደግሞ ማኅበር አለ፤ ደብዳቤያችንን መልሱልን። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ፤ ለእኛ ሁለቱም ይስማማናል» አልሁት። 

ወደ ቦታዬ ተመልሼ ብዕሬን አጋደምሁ። ኢድሪስ አግዳሚው ላይ ጠጋ አለልኝ። የአካለ ወልድን እግር ልስም ጐንበስ ስል፣ «ሕጉ ለተሳደበ ነው፤ አንተ አልተሳደብህም» ብሎ አነሣኝ።

እንግዲህ እርስዎን ከዚያ ግንብ የያዘዎ የእኔ ብዕር ማረፍ ብቻ አይደለም፤ ብጽፍም ባልጽፍም የሚለቅዎ የለም። ይህን ማወቄ ያሳርፈኛል ብዬ ነበር። አላሳረፈኝም።

ብርድ ልብሱን በድረስ ልኬአለሁ፤ ለሁለት ሰው ይበቃል። ሲፈቱት ውስጡ ከባድ ነገር አለና እግርዎ ላይ እንዳይወድቅ። እቶኑ ሊረጋ ሲል የእቶኑ ሰዎች ከመጨረሻው ፍሳሽ የሠሩልን ጽዋ ነው። አልተወለወለም፣ አንድ ወገኑም ጠመም ይላል። ማኅበሩ መክሮ የመጀመሪያው ተራ ለአለቃችን ይሁን ብሏል። ተረኛ ነዎት።

ልጅዎ ሙላት


ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ ፴ ቀን ፲፱፻፴፩፣ በዓለ ማርቆስ

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ ለሙላት፣ እንዲሁም ለአካለ ወልድ፣ ለኢድሪስና ለማኅበርተኞቼ ሁሉ፣

እንኳን ለወንጌላዊው በዓል አደረሳችሁ። ለከርሞም በአንድ አግዳሚ ያስቀምጣችሁ፤ አግዳሚውን ግን እናንተ ምረጡት።

ጽዋው ደርሶኛል። ወታደሮቹ የጦር መሣሪያ ነው ብለው አንድ ቀን አሳደሩት። ስመዝነው አልተሳሳቱም ብያለሁ። ብርድ ልብሱም መልካም ነው፤ እንዳላማው በግማሹ ሥር ሆኖ አሁን በእንቅልፉ ዋጋ ይቀንሳል።

ከትናንት ወዲያ ከሲኞር ጋርዞ ደብዳቤ መጣልኝ። ከላዩ ምን ይላል መሰላችሁ፦ «ለቅዱስ ማርቆስ የጸሐፊዎች ማኅበር አለቃ።» መነጽሬን አድርጌ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ስድስት ወር ሙሉ እኛ ማነው ሲል የኖረ ሰው ጻፈልን። ደብዳቤው የሚጀምረው እንዲህ ብሎ ነው፦ «ማኅበራችሁ ከዛሬ ጀምሮ ፈርሷል።» እንዳላማው «ታዲያ ምን ያስደስትሃል?» አለኝ። የሌለ ነገር እንዴት ይፈርሳል አልሁት። ለማፍረስ ብሎም ቢሆን አወቀን።

ሬዚደንቴው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት፣ ብዕርና ቀለም አለ። አወቀ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «የኔታ፣ ማኅበሩ መፍረሱን አለቃው ይፈርም ይላሉ። ከፈረሙ አሁኑኑ ቤትዎ ይሄዳሉ» አለኝ።

በመስኮቱ የብርጓል ትታየኛለች። ከግቢው ሽቦ ማዶ ቆማ ነበር። ጠዋት አናግራኝ ነበር፤ «ፈርምና ና፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል» ብላኛለች። በሠላሳ ሁለት ዓመት ትዳራችን ይህን የሚያህል ቃል ሰምቼባት አላውቅም።

ብዕሩን አነሣሁ። ሙላት፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ልፈርም ነው ያነሣሁት። ጉልበቴ አስቀድሞ ፈርሞ ነበር። ብቻ መነጽሩ ዓይኔ ላይ ነበረና ደቃቁን ጽሕፈት አየሁት። ከመፈረሚያው በላይ «ማኅበሩን የጀመሩት ሰዎች ስም» ይላል፤ ከሥሩ አሥራ ስምንት ባዶ መስመር ተሰምሯል። በመጀመሪያው መስመር ላይ የአካለ ወልድን ስም ሊያሳርፍልኝ የሚችል ስፋት አለ፤ በሁለተኛው የአንተ ስም ይበቃል፤ እኔ ስወጣ እናንተ ልትገቡበት ነው።

«አልችልም በላቸው» አልሁት አወቀን።

«ለምን ይላሉ።»

«ጽዋው እጄ ላይ ነው። ተረኛ ደግሶ ሳያስረክብ ማኅበር አይፈርስም። ይህ ሕግ ከእርስዎ በፊት የነበረ፣ እርስዎም ሦስት ማኅተም የመቱበት ነው በላቸው።»

አወቀ ተረጐመ። ሬዚደንቴው ማኅተሙን አገላበጠ። ከዚያም፣ «ታዲያ ይደግስና ያስረክብ» አለ።

«እሺ በላቸው። አሥራ ስምንት እንግዳ ከመረብ ማዶ ያስመጡልኝ፤ ግቢያቸው ስለ ተዘጋ መውጫ ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። ወረቀቱን የሚጽፉት ደግሞ እነርሱ ናቸው፤ አሁን አይጽፉም።»

ብዕሩን በቀለሙ ብልቃጥ አፍ ላይ አጋደምሁት። እናንተ እንደ ነገራችሁኝ፣ ቀስ ብዬ፣ ቀለም እንዳይንጠባጠብ። ሃምሳ ዓመት የጻፈ እጅ ባዶውን ጭን ላይ ሲቀመጥ የሚያደርገውን አያውቅም። እንግዲህ አሥራ ዘጠኝ ሆነናል።

ወደ ግንቡ መለሱኝ። የብርጓልን በመስኮት አየኋት። ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግራት ገብቷታል። ሽቦውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዘበኛው እየሰማ፣ ከጫማዬ እስከ ጥምጥሜ ትሰድበኝ ጀመረች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ናት።

ማታ እኔና እንዳላማው በዓሉን አከበርን። ጠላ የለም፤ በኢድሪስ ሥርዓት ውሃ ቀዳን። ጽዋው ስለሚከብድ አንዳችን ስንጠጣ ሌላችን እንይዛለን። እስከ መቼ ተረኛ እንደምሆን አላውቅም። የምልክልህ ልመና የለኝም፤ መነጽርም ብርድ ልብስም አለኝ። ብቻ አትቸኩሉ፤ ድግሱ እንደ ሆነ አይበላሽም።

ይህን ስጽፍ አወቀ ሊያነብ መጥቶ ከበሩ ቆሟል። «ዛሬ ማርቆስ ነው፤ አፍህ ሳይነካ አትሂድ» ብዬ ጽዋውን ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠጣ። ከዚያ ወለሉ ላይ ከእኛ ጋር ተቀመጠ፤ ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ ያየዋል።

ይህ ደብዳቤ ያለ ማኅተም ከደረሰህ፣ ሃያኛውን ሰው መዝግበው።

ተረኛው አጎትህ፣ ወልደ ሩፋኤል